ያልጠቆረው ሰሌዳ

ማርስ ላይ፣ ከመሬት በታች በተሠራችው ከተማ፣ ግድግዳ ሁሉ ይተነፍሳል። ኬሚስቷ ፀዳለ ማለዳ ማለዳ በየክፍሉ እየዞረች የአየር ሰሌዳዎቹን ቀለም ታያለች። ሰሌዳዎቹ የተቀቡት በኮባልት ዱቄት ነው፤ ኮባልቱን ሺፍ ቤዝ የሚባል ሞለኪውል በአራት ጣቶቹ ጨብጦ ይዞታል። ዱቄቱ ኦክስጅን ከሚያመነጨው የአልጌ ኩሬ ከሚመጣው ድብልቅ አየር ኦክስጅኑን ብቻ ለቅሞ ይይዝና ይጠቁራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ለክፍሉ ይለቅቀዋል።

ዛሬ የጨቅላዎቹ ክፍል ሰሌዳ አልጠቆረም። ብርቱካንማ እንደሆነ ቀርቷል። ስድስት ሕፃናት በመጠባበቂያ የኦክስጅን በርሜል እየተነፈሱ ነው፤ እሱም ቢያደርስ እስከ እኩለ ቀን ነው።

ሰሌዳውን ትናንት የለወጡት ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሯት። በደንቡ እሳቸው ያዘጋጁትን እሷ ፈትሻ መፈረም ነበረባት። ግን የጋሽ ይርዳውን ሥራ ማን ደፍሮ ይፈትሻል? ይሉኝታ ይዟት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታይ ስትፈርም ኖራለች።

ከዱቄቱ ፍቃ የማግኔት ሚዛን ላይ ሰቀለችው። ኮባልት ቢሆን ማግኔቱ ይስበው ነበር። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ኒኬል ነው! ሺፍ ቤዙ ኒኬልንም አጥብቆ ይጨብጣል፤ እንዲህ የተጨበጠ ኒኬል ግን ማግኔትም አይስበውም፣ ኦክስጅንም አይዝም።

ጋሽ ይርዳውን ቤተ ሙከራ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ኒኬል ነው።»

አልካዱም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮባልቱ ለአንድ ሰሌዳ ብቻ ነበር የቀረው፣ ልጄ። ኮባልት የጫነው የጠፈር መርከብ ዛሬ ማለዳ ይገባል ተብዬ ነበር፤ ግን ዘገየ። እስከዚያ በርሜሉ ያደርሳቸዋል ብዬ ነው።»

«እና እሱ አንዱ የት ገባ?»

«አንቺ ክፍል ነው። ኤፍራታ አስም አለባት» አሏት።

ፀዳለ ጮኸች። «በልጄ ስም? እኔ እኮ አምኜዎት ነው የፈረምኩት!»

መልስ አልጠበቀችም። ካቻቪቴ ይዛ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እዚያ ሰሌዳው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ኤፍራታ ከሥሩ ተኝታለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ሳይል ከፍ ዝቅ ይላል። ፀዳለ ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ ደገነች፤ ግን አላዞረችውም። ልትፈታው አልፈለገችም። ያን ጊዜ ጋሽ ይርዳው ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ገባት። ከክህደታቸው ሁሉ ይበልጥ ያመማት ይሄ ነው።

ሺፍ ቤዙ የሰጡትን ብረት ሁሉ ይጨብጣል። ማዳላት የሰው ነው።

«ተነሺ እናቴ» አለች ብሎኑን እየፈታች። «ዛሬ ከሕፃናቱ ጋር ነው የምንተነፍሰው።»