አምስት ኩባያ ለባዶው ቤት

ከሞቱ በፊት ክፍሉ እንዲህ ነበር። አንድ ትልቅ ስክሪን፣ ከፊቱ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ግድግዳው ሥር ካፖርት የሚጣልበት ሌላ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ብርሃን የማያስገባ መጋረጃ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ፔርሙዝ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጆይስቲክ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን የራሱ ክዳን ያለው አንድ ጉድጓድ ያላት የክኒን ሳጥን። የመጽሔቱ ሰዎች ክፍሉን «ጨለማው» ይሉታል። ጨለማው የአንድ ሰው ነበር፤ ጌም በመተቸት ስሙ የገነነ፣ ከአሥር ሰባት ነጥብ በላይ ለማንም ሰጥቶ የማያውቅ፣ «ምላጭ» የሚል ስም የወጣለት ሃያሲ።

መርማሪዋ ስትደርስ የተለወጠው ጥቂት ነበር። ምላጭ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ማዳመጫው ከጆሮው አልወለቀም፤ ሽቦው ግን ከማሽኑ ተነቅሎ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ካፖርቱ መሬት ላይ ነው፤ የካፖርቱ ወንበር ከግድግዳው ርቆ፣ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ሟቹ ጎን ቆሟል። ፔርሙዙ ባዶና ንጹሕ ነው። ስክሪኑ አልጠፋም። አንድ ባዶ ኮሪደር ይታያል፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ አንዲት ሴት ቃል በሌለው ዜማ ታንጎራጉራለች።

«አጥፉልኝ!» አለች የሟቹ እህት በሩ ላይ ቆማ። «በፈጠራችሁ፣ ይቺን ሴትዮ ዝም አሰኙልኝ!» እራት ይዛለት መጥታ ያገኘችው እሷ ነበረች።

መርማሪዋ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ ከመናገር ማየት የሚቀላት ሴት ነበረች።

«ትንሽ ትቆይ» አለች። «እሷም ምስክር ናት።»

ጌሙ «የእናት ቤት» ይባላል፤ ገና ለገበያ አልዋለም። ተጫዋቹ ራሱን አያይም፤ በገዛ ዓይኑ እንደሚያይ ሆኖ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ይሄዳል፣ እንቆቅልሽ እየፈታ በር ይከፍታል፣ ከጀርባው ደግሞ የማያየው ነገር ይከተለዋል። በማግስቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰው፤ «ሃያሲውን በፍርሃት የገደለው ጌም» ተባለ። ትናንት ስሙን ያልሰሙት ሁሉ ዛሬ የት ይገኛል ይሉ ጀመር።

ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ፍርሃት አይደለም። የገዛ የልብ መድኃኒቱ ነው፤ ከልኩ እጅግ አልፏል። ሰዓቱን ቆርጬ አልናገርም፤ ማሽኖቹ ክፍሉን ምድጃ አድርገውታል።»

ሰዓቱን የተናገረው ጌሙ ራሱ ነበር። ማሽኑ እንደመዘገበው ጨዋታው እህትየው ከመድረሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ድረስ ቀጥሏል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ነገር አሰበ፤ ምላጭ እስከ ምሽት ደህና ነበር፣ የማታ ክኒኑን ዋጠ፣ ሞተ። የዕለቱ ጉድጓድም ክዳኑ ተከፍቶ ባዶ ነው። ክኒኑን በየሳምንቱ የምትደረድርለት ደግሞ እህቱ ናት።

«በየማታው አንድ ነው የታዘዘለት» አለች እህትየው፣ መዳፎቿን እያየች። «ዓይኔ ደክሟል፤ ባለፈው እሑድም እያንጎላጀሁ ነበር የደረደርኩት። ሁለት፣ ሦስት አድርጌበት ቢሆንስ? በእጄ ገድዬው ቢሆንስ?»

«የቀሩትን ጉድጓዶች ከፍተው አይተዋል?»

«አልደፈርኩም። እርስዎም ከፍተው አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ካገኙ... እባክዎ፣ እንዳይነግሩኝ።»

መርማሪዋ የቀሩትን ክዳኖች ሳትከፍት ሳጥኗን አሸገችና ከፔርሙዙ ጋር ወደ ላቦራቶሪ ላከቻት። «ፔርሙዙን ማን አጠበው?» ስትል ጠየቀች።

«ማን ያጥባል? ወንድሜ ዕቃ አጥቦ አያውቅም። በየማታው እኔ ቤት ወስጄ ነው የማጥበው።»

«ያን ዕለት ጠዋት ምን አለዎት?»

«ደስ ብሎት ነበር። 'ዛሬ አንዱን አመሰግናለሁ፣ አንዱን አጋልጣለሁ' አለኝ። አንተ ደግሞ ማመስገን የት ታውቃለህ ብዬ ሳቅኩበት።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መርማሪዋ የሟቹን መሳቢያ ስትከፍት ያንኑ መድኃኒት የያዘ ሌላ ጠርሙስ አገኘች፤ በቅርቡ የተገዛ፣ ግን ባዶ። እህትየው አይታው አታውቅም። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ግን ታውቀዋለች።

«ሳጥኗን ቤት ሲረሳ ከዚያ ነበር የሚውጠው። እዚህ የማያውቅ የለም» አለች።

«ለመሆኑ እርስዎ ይጫወታሉ?»

«እኔ? ጥቂት ካየሁ ቤቱ ይዞርብኛል። የኔ ሥራ ነጠላ ሰረዝ መልቀም ነው። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ምላጭና ስኳር ጨለማው ውስጥ ሻይ ጠጡ። ስኳር ቻው ብሎኝ ወጣ፤ እኔም ማተሚያ ቤት ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ የሴትዮዋ ዜማ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ገረመኝ።»

«ለምን?»

«ከጨለማው ድምፅ ወጥቶ አያውቅማ! እሱ ያለ ማዳመጫ አይጫወትም።»

«ስኳር ማን ነው?»

«ሁለተኛው ሃያሲያችን። እሱ ዘንድ መጥፎ ጌም የለም። ድንጋይ ቢሰጡት 'ጽናቱ ይደነቃል' ብሎ ይጽፋል።»

ስኳር አፉ የለሰለሰ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር። «ምላጭ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነበር» አለ። «አብረን ሻይ ጠጣን፤ ቤቴ ሄድኩ፤ ተኛሁ።»

«ይህን ጌም ያውቁታል?»

«ዓምና ገና ያላለቀውን፣ ጥሬውን ቅጂ ሞክሬ ነበር። አዲሱ የመጣው ለእሱ ብቻ ነው፤ በዓይኔም አላየሁት።»

«ለጥሬው ስንት ሰጡት?»

ስኳር የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ሁለት» አለ።

«ከአሥር?»

«ከአሥር። አልጣመኝም።»

የጌሙ ሠሪ በሥራ ብዛት ጉንጩ የሰረጎደ ወጣት ነው። ጌሙን ገዳይ ብለው ሊያግዱበት ነው የሚል ወሬ ደርሶታል።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አለችው መርማሪዋ ጨለማው ውስጥ፤ እህትየውም ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ... እሷም እንዲህ ነበር የምትለኝ። የጌሙ ድምፅ የእናቴ ነው። ሳትሞት ነው የቀዳሁት።»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ከሰዓት በኋላ መጥቼ የጨለማውን በር አንኳኳሁ። አልከፈተም። ግን ይሰማ ነበር። የኩባያዎቹ እንቆቅልሽ ጋ ደርሶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አምስት ኩባያ በተራ ታስቀምጣለህ፤ ከተሳሳትክ እናቴ 'ልጄ፣ እንዲያ አይደለም' ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ አለችው። ከዚያ የጌሙ በር ሲከፈት ሰማሁ። ጎበዝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ያኔ... በሕይወት ነበር?»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «እስቲ እኔን አስተምረኝ» አለችና ጆይስቲኩን አነሳች።

ጣሪያውን ለማየት አውራ ጣቷን ወደ ላይ ገፋች፤ ጣሪያው ታየ። ግድግዳው ሥር የተቀመጠችው እህት ቀና አለች።

«እንዴ! የወንድሜ እንዲህ አይደለም።»

«ምኑ?»

«በልጅነቱ አውሮፕላን ማብረር ይማር ነበር። አውሮፕላን ላይ መሪውን ወደ ራስዎ ሲስቡት ነው አፍንጫው ወደ ላይ የሚነሳው። ከዚያ ወዲህ ጌሙን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚጫወተው። ቤት ጆይስቲክ ስንቀባበል በዚሁ ስንጣላ ኖረናል። ባልተገለበጠ ከተጫወተ ያስመልሰዋል።»

«እንዴት ነው የሚገለበጠው?» ስትል መርማሪዋ ሠሪውን ጠየቀችው።

«ጥሬው ቅጂ ላይ እንደ ሌላው ጌም በዝርዝር ነበር። አዲሱ ላይ ዝርዝሩን አጠፋሁት፣ ፍርሃቱን እንዳይቆርጥ። አሁን ማስተካከያው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ነው። ይቺ ኮሪደር ላይ ያለችው አሮጌ ሬዲዮ ትታይዎታለች? ሁለተኛውን ቁልፏን ሲያዞሩ እይታው ይገለበጣል።»

«የኩባያዎቹን ተራ ማሽኑ ይመዘግባል?»

ሠሪው መዝገቡን ከፈተ። የመጀመሪያውን፣ የተሳሳተውን ተራ ሲያይ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይሄ... ይሄ የጥሬው ቅጂ መልስ ነው። ያኔ የእናቴ ዘፈን ግጥም ነበረው፤ ተራውን የሚናገረው ግጥሙ ነው። አዲሱ ላይ ግጥሙን አወጣሁት። ልትሞት ስትል ቃሉ ጠፍቷት ዜማው ብቻ ነበር የቀራት፤ እሱን ተውኩላት። ተራውም ተለውጧል፤ አሁን ግድግዳው ላይ ካለ የሕፃን ሥዕል ነው የሚገኘው።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ አራቱንም ጨለማው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ብርሃን የሚሰጠው ስክሪኑ ብቻ ነው። የሟቹ ወንበር ባዶ ነው። ከስክሪኑ ሴትየዋ ታንጎራጉራለች።

«አንድ ውለታ ዋሉልኝ» ብላ ጆይስቲኩን መጀመሪያ ለሠሪው ሰጠችው። «ጣሪያውን አሳየን።»

ሠሪው ጣቱን ወደ ላይ ገፋ፤ ወለሉ ታየ። «ገልብጠውታል» አለና መለሰላት።

«እርስዎስ?» አለች ወደ ስኳር ዞራ።

ስኳር ጆይስቲኩን ተቀብሎ ጣቱን ወደ ላይ ገፋ። ወለሉ ታየ። እጁ ብቻውን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ ሬዲዮዋ ጋ ደረሰ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ አዞረ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አሳየ። አስነጥሶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም።

«እናመሰግናለን» አለች መርማሪዋ። «በዓይንዎ አይተውት በማያውቁት ቤት ውስጥ ይህን ሬዲዮ ማን አሳየዎት?»

ስኳር ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሴትየዋ ብቻ ታንጎራጉራለች።

«ከወንበሩ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ምላጭ ብቻውን ከሆነ ሁለተኛ ወንበር አያስፈልገውም፤ ለሻይ የቀረበ ወንበርም ወደ ስክሪኑ አይዞርም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነበር። ማዳመጫው ሟቹ ጆሮ ላይ ነው፣ ሽቦው ግን ተነቅሏል። የሚጫወተው እሱ ቢሆን ለምን ይነቀላል? ሌላው ሰው ድምፁ ውጭ እንዲሰማ ፈልጎ ነቀለው፤ ሰው አለ እንዲባል። እይታው ደግሞ ወደ ቀና ተመልሷል፤ ምላጭ በዚያ መጫወት አይችልም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተጫወተው ሟቹ አይደለም። ያኔ እሱ ሞቶ ነበር።»

አዘጋጇ አፏን በእጇ ያዘች።

«አዘጋጇ አትጫወትም። ሠሪው ግጥሙን ያውቃል፤ ግን በገዛ እጁ አውጥቶ የጣለውን ግጥም ተከትሎ አይሳሳትም። አንድ ጊዜ በአሮጌው ግጥም የተሳሳተ፣ ከዚያ ሥዕሉን አይቶ ያስተካከለ፣ ጥሬውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጥሬውን ለማን ሰጠህ፣ ልጄ?»

«ለእሱ ብቻ» አለ ሠሪው፣ ስኳርን እያየ።

«ሁሉን የሚያወድስ ሰው አንድ ጌም ብቻ ለምን ይቀብራል? ቀበረው፤ ማንም እንዳይጠብቀው። ስኳር የራሱን ጌም እየሠራ ነው። ባለፈው ወር ያሳየውን አጭር ቪዲዮ ትናንት አየሁት። ባዶ ቤት፣ አምስት ኩባያ፣ ስለ ኩባያዎቹ የምትዘፍን ሴት። ግጥሙ ቃል በቃል የዚህ ልጅ እናት ግጥም ነው። ምላጭም አይቶታል። አዲሱን ቅጂ ሲጫወት ዜማውን ለየው፤ ሊያመሰግን ያሰበው ይህን ልጅ፣ ሊያጋልጥ ያሰበው እርስዎን ነበር። በሻይ ሰዓት ነገርዎት። ምናልባት ራስህ ተናገር ብሎ ዕድል ሊሰጥዎት።»

ስኳር ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ ለማለት ይሁን እሺ ለማለት አልታወቀም።

«የራስዎን ሻይ ከጠጡ በኋላ፣ እሱ ማዳመጫውን አድርጎ ወደ ጌሙ ሲመለስ፣ የመሳቢያውን ክኒን ፈጭተው ፔርሙዙ ውስጥ ጨመሩ። አዘጋጇ ስትወጣ በጓሮ በኩል ባለው ደረጃ ተመለሱ። ፔርሙዙን አጠቡ፣ የዕለቱን ጉድጓድ ባዶ አደረጉ፤ ጥፋቱ ከእህቱ እጅ እንዲወድቅ። ከዚያም ሬሳ አጠገብ ተቀምጠው እስኪመሽ ተጫወቱ፤ በዚያው ደረጃም ወጡ።»

ስኳር ሲናገር ድምፁ ያ የለሰለሰው አልነበረም።

«ዓይኑ አልተከደነም ነበር። ስክሪኑን ነበር የሚያየው። ማዳመጫውን ላወልቅለት አስቤ... እጄ እምቢ አለኝ። ስሳሳት ሴትየዋ 'ልጄ፣ እንዲያ አይደለም' አለች። ለእኔ ያለችኝ መሰለኝ።»

«አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» አለች እህትየው። አልጮኸችም። ተነስታ ከጭኑ ላይ ጆይስቲኩን ወሰደች፤ ሬዲዮዋ ጋ ሄዳ ቁልፉን ወንድሟ እንደሚወደው መልሳ ገለበጠችው።

የላቦራቶሪው ውጤት የደረሰው በማግስቱ ነው። በፔርሙዙ ክዳን የጎማ ቀለበት ሥር የልብ መድኃኒቱ ዱቄት ተገኝቷል። የክኒን ሳጥኗ ማኅተም ተነስቶ ስትከፈት ያልተነኩት ጉድጓዶች ሦስት ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የተገኘው አንድ ክኒን ነው።