በትራስ ልክ የቀረው ቀዳዳ

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እንደተኙ ቀርተዋል። በሩን ከውስጥ ቀርቅረውት ስለነበር ተሰብሮ ነው የተገባው። ከአልጋው አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የከሰል ምድጃ አመዱን ታቅፎ ተቀምጧል። ሐኪሙ «የከሰል ጭስ ነው» ብሎ ሄዷል። መርማሪዋ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም፤ መስኮት ከተባለ። ትናንት በጡብ ተደፍኗል።

የቤቱ ጠብ ለሰፈሩ ሁሉ ፀሐይ የሞቀው ነው። የበኩር ልጃቸው ግድግዳቸውን ተጠግቶ ፎቅ ሠራ፤ ቀጥሎም አሮጌውን ቤት አፍርሶ ግቢውን ልቀላቅል አለ። አባትየው «ሬሳዬ ሳይወጣ አንድ ድንጋይ አይነቀልም» ብለው በእሱ በኩል ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ ማስደፈን ጀመሩ።

አሁን የተያዘው መስኮቱን የደፈነው ግንበኛ ነው። እጁ ስለማይዛነፍ «ውሃ ልክ» ይሉታል።

«ሰው የሚተኛበትን ክፍል አየር መውጫ ሳይተዉ ይደፍናሉ?» አለችው መርማሪዋ።

«ኧረ እሜቴ፣ የሁለት ጡብ ቀዳዳ ትቻለሁ! ለጭስ ከሆነ ከላይ ይሻላል ብላቸው ‹የለም፣ በትራሴ ልክ› ብለው ተቆጡኝ። ከውስጥ ሆኜ ሠርቼ፣ መጋጠሚያውን አለስልሼ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወጣሁ።»

«ታዲያ ቀዳዳው የታለ?»

«የደፈነውን ይጠይቁልኝ። እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ እጄ የለበትም።»

አባቷን ስታስታምም የኖረችው የሽማግሌው ታናሽ ልጅ ዓይኗ አብጧል።

«ምድጃውን ማን አስገባው?»

«እኔ። ሲመሽ፣ እንደ ልማዴ። ከዚያ አባዬ በሩን ቀረቀረ።»

«ያኔ ቀዳዳው ነበር?»

«ነበር። የወንድሜ ደረጃ መብራት በቀዳዳው ገብቶ ብርድ ልብሱ ላይ አርፎ ነበር።»

ወንድምየው ክራቫቱን እያስተካከለ አቋረጣት። «እህቴ ሐዘን ላይ ናት፤ የምትለውን አታውቅም። ከሥራ ስገባ ገና ብርሃን ነበር፤ ያኔ ድፍን ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

መርማሪዋ ተንበርክካ ግድግዳውን ዳበሰች። በጥፍሯ ጫረች። ከዚያ የምድጃውን ከንፈር አየችና ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«መጋጠሚያው ሁሉ በዚህ በኩል እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። የሁለቱ ጡቦች ብቻ ሲሚንቶው እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ተንዠርግጓል። የገነባቸው ሰው በዚያ በኩል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስጭረው ደግሞ እንደ አሸዋ ይረግፋል። ግንበኛው፣ ለምን?»

«ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠዋል። እኔ ውሃ ሳላጠጣ ደርድሬ አላውቅም።»

«ይህን ደግሞ እዩ።» ጣቷን የምድጃው ከንፈር ላይ አሳረፈች፤ የሲሚንቶ ጠብታ ደርቆ ተጣብቋል። «ግንበኛው ሲሠራ ምድጃው እዚህ አልነበረም፤ ስለዚህ ቀዳዳው የተደፈነው ከሰሉ ከገባ በኋላ ነው። እህትዎ አጥፍታ ቢሆን ኖሮ ‹ድፍን ነበር› ማለት ነበር የሚያዋጣት፤ እሷ ግን ክፍት ነበር አለች። ‹ገና በብርሃን ድፍን ነበር› ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚህ ግድግዳ ማዶ ያለው ግቢ የማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?»

ወንድምየው ክራቫቱን አላላ። «ጭሱ ሲያንገፈግፈው ቤቱን ይለቃል ብዬ እንጂ... ልገድለው አልነበረም።»

«እሳት አመድ ወለደ» አለ ግንበኛው በለሆሳስ።

እህትየው ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «አባዬ ማታ ማታ ‹ልጁ ገባ?› ይለኝ ነበር። አላየሁትም ካልኩት እንቅልፍ አይወስደውም። ቀዳዳውን ለጭስ ያስተወው መሰለህ?»

ግንበኛው ሁለቱን ጡቦች በጣቱ ገፋ ሲያደርጋቸው ወደ ማዶ ወደቁ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ራሷን በትራሱ ልክ አደረገች። በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው የልጅየው ደረጃ ብቻ ነበር፤ ከታች እስከ በሩ ድረስ።