ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ

ጋሽ በዛብህን በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚገኘው መጋዘናቸው ውስጥ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ሞተው ያገኘቻቸው ራት ልታደርስ የሄደችው ጎረቤታቸው ፀዳል ነበረች። ከእሷ በቀር በራቸውን የሚያንኳኳ አልነበራቸውምና ፖሊስም ከእሷ በቀር የሚጠረጥረው አጣ። የደግነት ደመወዝ!

የፀዳል ጠበቃ የቀጠራት መርማሪ ሮማነወርቅ መጋዘኑን ዞረችው። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ወንበር፤ የባሕር አረምና ሲሚንቶ የሚቀላቀልበት ልክ የተጻፈበት አንድ ደብተር። ሬሳው ከወደቀበት አጠገብ አዲስ የኮንክሪት አግዳሚ፤ በላዩም ጠርዙ ጥርት ያለ የተረከዝ አሻራ። ጫማው የሸሪካቸው የሊዑል ነበር።

«መቼ ደበቅኩ?» አለ ሊዑል። «ጋሼ ጠዋት አፈሰሱት፤ እኩለ ቀን ላይ ሳላይ ስቴፕ አደረግኩበት። ከዚያ ኦሮራ ከተማ ገባሁ፣ አልተመለስኩም። የሞቱት አመሻሽ ላይ አይደል?»

«የባሕር አረም ከሲሚንቶ ጋር መቀላቀል የማን ሐሳብ ነው?»

«የኔ! ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ የፋብሪካ ጭስ ይቀንሳል። እሳቸው አካፋ ያዥ ነበሩ።»

«ባሕር በሌለበት ኮሎራዶ! ጎበዝ ነህ።»

ፀዳል ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ። «ውሸቱን ነው፣ እቱ! ‹ይሄ አረም ሲሚንቶውን ያስተኛዋል› ይሉኝ ነበር እኮ። ቀኑን ሙሉ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ብቻቸውን ይጠብቁታል።»

በሳምንቱ ሮማነወርቅ ሊዑልን፣ ፀዳልንና የፖሊሱን መርማሪ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። በሟቹ ደብተር ልክ ተቦክቶ ጠዋት የፈሰሰ ኮንክሪት ተዘጋጅቷል። እኩለ ቀን ሲሆን፣ «በል፣ በዚያው ጫማህ ርገጥ» አለችው።

ሊዑል ረገጠ። እግሩን ሲያነሳ ኮንክሪቱ እንደ ቀጭን ገንፎ ተመልሶ ገጠመ።

«ዌዘሩ ነው!» አለ።

«የመጋዘኑ ማሞቂያ የዚያን ቀኑ ልክ ላይ ነው። ተራ ኮንክሪት ቢሆን እስካሁን አሻራ ይይዝ ነበር፤ አንተም ያሰላኸው በዚያ ነው። አረሙ ግን ያዘገየዋል።»

አመሻሽ ላይ እንደገና አስረገጠችው። አሻራው ጥርት ብሎ ቀረ።

«ይኸውልህ፤ እሳቸው ሲሞቱ እዚህ ነበርክ። ፈልሳፊው አንተ ብትሆን ደግሞ ሰዓቱን አትስትም ነበር።»

ሊዑል አቀረቀረ። «ጋሼ ገንዘብ ሊሰጡን በነበሩት ኢንቨስተሮች ፊት ‹ሥራው የኔ ነው› ብዬ እናገራለሁ አሉኝ። የገፋኋቸው አንዴ ብቻ ነው።»

ሲወስዱት ሮማነወርቅ አግዳሚውን በእጇ ዳሰሰች። «ለአንድ ሰው ምን ያህል ሰፊ ነው!»

«ለኔም ነበራ» አለች ፀዳል። «‹ሁልጊዜ ራቱን ሰጥተሽኝ ሳትቀመጪ ትሄጃለሽ› ይሉኝ ነበር።»

ከዚያም ከጫፉ ተቀመጠች፤ ሌላውን ጫፍ ባዶ ትታ።