ኮፈኑን የዘጋው ሰው

ሰዓት ሠሪው በቅርቡ በገዛው መኪና ውስጥ፣ ግንባሩን መሪው ላይ እንዳስደገፈ ሞቶ ተገኘ። መኪናው ለእሱ አዲስ ነው እንጂ ዕድሜው የእሱን ያህላል። ጋራዡ ከቤቱ ጎን የተለጠፈ፣ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሚስቱ ጠዋት በሩን ስትከፍተው የታፈነው ጭስ ፊቷን ገፋት። ወደ ኋላ አላለችም፤ ገብታ ባሏን ጎትታ አወጣችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

የጣቢያው አዛዥ መጣ፣ አየ፣ ወሰነ።

«ራሱን ነው» አለ፣ ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት እስኪሰማው። «የማይረባ መኪና ገዝቶ ሰፈሩ ሳቀበት። በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ አበቃ። እስከ ማታ መዝገቡን እዘጋዋለሁ።»

«ይዝጉት። እኔ አፌን አልዘጋም» አለች ሚስትየው። «ባሌ አልተቆጨም፤ ተናዶ ነበር። የተናደደ ሰው ደግሞ ነገን ይፈልገዋል።»

«እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ፤ ጅል ግን አልሆንኩም። ልጆቼ ‹የዚያ ራሱን ያጠፋው ልጆች› እየተባሉ አያድጉም!»

አዛዡ ክርክር ስለማይወድ፣ የሚወድ ሰው ላከላት። መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። አንዱ ፊት ለፊት ሞክሮት ነበር፤ «ለምን እንዲህ አልከኝ?» ስትለው መልሱን ሲፈልግ ምሳው አመለጠው።

መርማሪዋ መኪናውን ዞረችው። ኮፈኑ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተዘግቷል። ቁልፉ ወደ መክፈቻው እንደዞረ ነው። ቤንዚን አለው። ቁልፉን ጠመዘዘችው፤ መኪናው መብራት እንኳ ሳያበራ ዝም አላት። የሚስትየውን ታናሽ ወንድም ጠራችው፤ ታክሲ ነጂ ነው።

«ለምን አይነሳም?»

ታክሲ ነጂው ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። «የባትሪው ማሰሪያ ወልቋል። ያውም በላስቲክ ተጠቅልሎ።»

«አማችህ ነው ያወለቀው?»

«እሱ? የእጅ ሰዓት ባትሪ እንጂ ይሄንን መቼ ይነካና! እንደሚናከስ ውሻ ነበር የሚፈራው።»

«እሰረውና አስነሳልኝ።»

ሲያስረው መብራቱ መጣ፤ ሞተሩ ግን አልመጣም። «ብቻዬን አልችልም» አለ።

«ለምን?»

«ቤንዚን አይስብማ! ሞተሩ ከቀዘቀዘ አንዱ ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን ጠብ ያደርጋል፣ ሌላው ቁልፉን ይጠመዝዛል። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይተጋገዙም።»

«ጠብ አድርጎ ሮጦ ቢገባስ?»

«ሞክሬዋለሁ። ወንበሩ ላይ ሳልደርስ ይደርቃል።»

«ቁልፉን የምጠመዝዘው እኔ ነበርኩ» አለች ሚስትየው። «ትናንት ከቀትር በኋላ ግን ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ። እኔ ከሌለሁ ከማን ጋር አስነሳው?»

በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ መርማሪዋ ቁልፉ ላይ፣ ታክሲ ነጂው ካርቡራቶሩ ላይ ሆነው አስነሱት። ከጭስ ማውጫው ነጭ ደመና ተንፎለፎለ።

«ይሄ ነጩስ?»

«ውሃ እየጠጣ ነው። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቋል። አማቼ በጆሮው ነው የደረሰበት፤ ሰዓት ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ! ሲገዛ ግን የሰፈሩ መካኒክ አይቶ ‹ጤነኛ ነው› ብሎለት ነበር። ትናንት ጠዋት፣ ‹ነገ ቴስታታው በሰው ፊት ይከፈታል፤ የሸጠልኝም ያየልኝም ይምጡ› ብሎ ላከባቸው።»

«እንግዲያው አንተ ክፈተው» አለችና ወጣች።

መኪናውን የሸጠውን ደላላ መንገድ ዳር ያሰለፋቸውን መኪናዎች ሲወለውል አገኘችው።

«ሞተሩን አሙቀህ ነው ያሳየኸው አሉ። ለምን?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? እኔ የምሸጠው ቀለሙንና ወንበሩን ነው። የውስጡን ፈጣሪና መካኒኩ ያውቃሉ።»

«ይከፈታል ሲባል አልደነገጥክም?»

«ይከፈት! እዚያ ውስጥ የእኔ ቀለም የለ።»

የአንዱን ኮፈን እንዲከፍትላት ጠየቀችው። ወንበሩ ሥር ሲጎረጉር ቆይቶ የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ ከፈተላት፤ እንደ ድል አድራጊም አያት።

መካኒኩ ወንበር አቀረበላት። ያለ እሱ ቃል አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው በሰፈሩ የለም። «ያንን መኪና ከሽያጩ ቀን ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም፤ ነፍሱን ይማረው» አለ።

መርማሪዋ አልተቀመጠችም። ኮፈናቸው በተከፈተው መኪናዎች መካከል አለፈች። የሁሉም ባትሪ ማሰሪያ ወልቆ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሏል።

«ለምን?»

«አንድ ጊዜ ሽቦ ተነካክቶ መኪና ተቃጠለብኝ፤ ለጥቂት ጋራዡንም ይዞት ሊሄድ! ከዚያ ወዲህ ባትሪውን ሳልፈታ ካንድም መኪና አልርቅም። ሚስቴ ‹አልጋ ላይም ባትሪ ትፈልጋለህ› ትለኛለች።»

መርማሪዋ ሳቀች። ስትመለስ የታክሲውንም ኮፈን አስከፈተች። ማሰሪያው ዝጎ ከባትሪው ጋር አንድ አካል ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በቆርቆሮው ጋራዥ ተሰበሰቡ። የተፈታው ቴስታታ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ስንጥቁ በሙጫ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል።

«ስለ መኪና የማውቀው ስሳፈርበት ብቻ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስለዚህ ስጠይቅ ዋልኩ። ይህ መኪና ሲቀዘቅዝ በአንድ ሰው አይነሳም። ሟቹ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እንግዲህ ቤንዚኑን ጠብ ያደረገው ሌላ ሰው ነው።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኮፈኑን ከፍቶ ቢተወው፣ ሁለት ሰው እንደነበረ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ሞተሩ አየር አጥቶ በራሱ እስኪጠፋ ውጭ ጠበቀ፤ ተመልሶ ኮፈኑን ዘጋው። ግን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር አደረገ፤ የባትሪውን ማሰሪያ አውልቆ በላስቲክ ጠቀለለው። ማሰሪያው ወልቆ ቢሆን ሞተሩ መጀመሪያውኑ አይነሳም ነበር። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሟቹ አልወረደም።»

«ሟቹ ለምን አልወጣም?» አለ አዛዡ።

«ጆሮውን ያውቅ የነበረ ሰው ‹የመንገዱ ጫጫታ ይረብሸናል፤ በሩን ልዝጋና አንተ ቤንዚን እየሰጠህ ድምፁን አዳምጥ› አለው። ሰዓት ሠሪ ለማዳመጥ እምቢ አይልም። የጭሱ መርዝ ደግሞ እንቅልፍ እንጂ ጩኸት አያስመጣም።»

ደላላው ወደ መካኒኩ ዞሮ አንድ እርምጃ ራቀ።

«ምን ታየኛለህ!» አለ መካኒኩ። «ላስቲክ ሰው አይገድልም! መካኒክ ሁሉ ባትሪ ይፈታል!»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» አለች መርማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን ሳስበው ግን ይህን ያደረገው ሥራ የማያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ምን ቸገረው? ጥሎት ቢሄድ ምን ይመጣ ነበር?»

«ምን ይመጣል?» መካኒኩ በገነ። «ቁልፉ እንደተከፈተ! ጋራዡ ከቤቱ ጋር እንደተጣበቀ! ሽቦው ቢግል ሰፈሩን አያነደውም? ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ትቶ የሚሄ—»

ማንም አልጨረሰለትም።

«ልክ ነዎት፤ ትቶ የሚሄድ ሰው አይደሉም» አለች መርማሪዋ። «ቁልፉ ክፍት መቅረቱን ደግሞ ማንም አልነገረዎትም። ስንጥቁን በሙጫ የደፈኑት እርስዎ፣ ጤነኛ ነው ያሉት እርስዎ። ይህ ከተከፈተ እስከ ዛሬ ያሳለፉት መኪና ሁሉ ይከፈታል።»

«አልነካሁትም» አለ መካኒኩ፣ ቀና ብሎ። «በር ነው የዘጋሁት።»

«በሩ ነው የገደለው» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሶች መካኒኩን ይዘውት ሲወጡ አዛዡ ኮፍያውን አደረገ። «እንግዲህ መዝገቡ ይስተካከላል።»

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችበት። «ጎረቤቱ ውጭ ነው። ይንገሯቸው።»

«በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

«በአፍዎ ነው ያሉት፤ በአፍዎ ይመልሱት።»

አዛዡ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ የቆርቆሮውን ጣሪያ አየች። ወጣ።

«በተደረገው ማጣራት መሠረት፣ የሟች አሟሟት ከቀድሞው ግምት የተለየ ሆኖ በመገኘቱ . . .»

«በሰው ቋንቋ» አለች ሚስትየው ከኋላው።

«ራሱን አልገደለም።»

«ዳር ያሉት አልሰሙም።»

«ራሱን አልገደለም!» ብሎ ጮኸ አዛዡ። «ገደሉት!»

ሚስትየው እናቷ ያመጣቻቸውን ልጆቿን እጅ ለእጅ ያዘች፤ በሕዝቡ መካከልም አንገቷን ሳትደፋ አለፈች። መንገድ ለቀቁላት።