አሥረኛዋ እግረኛ

«ሰባት» አለች አርሴማ፣ አንገቷን ወደ መንገዱ አስግጋ። «ስምንት… ሽማግሌውን ያዝሻቸው?»

«ይዣለሁ» አለች ሜላት። እርሳሷ ግን ወረቀቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ከመንገዱ እጥፋት፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ጎንበስ ያለች ሴት ብቅ ብላለች። ፊቷ ገና አይለይም። ሜላት ፊት አላስፈለጋትም፤ ቢጫውን ሻሽና ግራ እግሯን ሳብ የምታደርግበትን አረማመድ ታውቀዋለች። እናቷ ናት። ከሰል ተሸክማ ከዘንገና ወደ ቆሰበር ገበያ እየመጣች ነው።

ከጧት ጀምሮ የፈራችው ይህንኑ ነበር። በከተማው መውጫ መንገዶች ላይ የትራንስፖርት ጥናት የሚያካሂደው መምህር ባምላክ ተማሪዎቹን ሲመድብ «እኛን ዳንግላ መውጫ አድርገን» ብላ ለምናው ነበር። እሱ ግን «የዘንገናው ይሻላችኋል፤ እግረኛ ይበዛበታል» አለና ነጭ ቲሸርት ሰጣቸው። ደረቱ ላይ «ፍትሐዊ ትራንስፖርት ለሁሉም» የሚል ተጽፎበታል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ ጋሪውን፣ እግረኛውን በየዓምዱ እየጫሩ መቁጠር ነው። አሥረኛው እግረኛ ሁሉ ግን ቆሞ ይጠየቃል። «ደስ ያላችሁን ሰው እንዳትመርጡ» ብሏቸዋል ባምላክ። «አሥረኛው ማንም ይሁን ማን፣ እሱን ነው የምትጠይቁት።»

አርሴማ የሆቴል ባለቤት ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ፣ አንድ ወንበር ላይ በተቀመጡበት የመጀመሪያ ቀን፣ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀቻት። «ዳንግላ ነርስ ናት» አለች ሜላት። ያንን ውሸት ከዚያ ወዲህ በሌላ ውሸት ስትቀልበው ኖራለች። እናቴ ተረኛ ናት፤ ስልኳ ኔትወርክ የለውም፤ ወደ ባሕር ዳር ልትዛወር ነው። እናቷ ግን በየገበያው ቀን ከሰሏን ሸጣ ስትጨርስ፣ ሜላት ከአክስቷ ልጅ ጋር ወደተከራየችው ክፍል ስንቅ ይዛ በጓሮ በኩል ትገባለች። በጓሮ ነይ ያለቻት ሜላት ናት።

ልጅ ያዘለች ሴት አለፈች። «ዘጠኝ» አለች አርሴማ። ሜላት ሁለት ጭረት ጫረች። የታዘለው ሕፃን አሥረኛ ከሆነ የምትጠየቀው ያዘለችው ሴት ትሆናለች፤ እናቷም ሳትቆም ታልፋለች፤ አለቀ።

«ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አርሴማ ወረቀቱን ነጠቀቻት። «የታዘለ በእግሩ ይሄዳል እንዴ? ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» ላጲሱን አንስታ አንዱን ጭረት አጠፋች። «አሥረኛዋ ያቻት… በናትሽ እያት! ከሰሉ ነው የሚራመደው ወይስ ሴትዮዋ?»

ሜላት ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ግን ሳቀች፣ ያውም ጮክ ብላ።

«እትዬ፣ አንዴ ይቁሙልን!»

እናቷ ቆመች። ቀና ስትል ልጇን አየችና ፊቷ በራ፤ በአገውኛ ልትጠራት አፏን ከፈተች። ሜላት ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ጣለች። የተከፈተው አፍ ቃል ሳይወጣው ተዘጋ። እናቷ ነጩን ቲሸርት አየች፣ አርሴማን አየች፣ እንደገና ሜላትን አየች። ከዚያ ጆንያውን ድንጋይ ላይ አሳርፋ የደረቷን ገመድ ፈታች።

«ስምዎት ማን ነው?» አለች አርሴማ።

«ይመኙሽ።»

«በምን መጡ?»

«እያየሽኝ፣ ልጄ?»

«ማለቴ፣ ባጃጅ ለምን አይሳፈሩም?»

«ከሰል አይጭኑም፤ ወንበር ያቆሽሻል ይላሉ። ከሰሉን ሸጬ ባዶ እጄን ስመለስም አይቆሙልኝ።»

አርሴማ ምርጫዎቹን በጣቷ ወረደችባቸው። በእግር የሚሄዱበት ምክንያት፦ ቅርብ ስለሆነ፣ ለጤና፣ ሌላ። «ሌላ» ከተባለ ማብራሪያ ይጻፋል፤ ብርዱ ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። ሜላትን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ለጤና በያቸው ባክሽ። ስፖርተኛ ናቸው።»

ሜላት «ለጤና» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

«የመጨረሻውን አንቺ ጠይቂ፤ እኔ ደከመኝ» አለች አርሴማ።

ሜላት ጥያቄውን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ» ስትላት የኖረችውን እናቷን አንቱ አለቻት። «ትምህርት ቤት የሚሄድ… ልጅ አለዎት?»

እናቷ የፈታችውን ገመድ መልሳ ያዘች።

«የለኝም» አለች። «ልጅ የለኝም።»

ከዚያ ጀርባዋን ለጆንያው ሰጥታ ጎንበስ አለች። «በሉ አሸክሙኝ።»

በዚያ አገር ለዚህ ቃል እምቢታ የለም። የማያውቁት መንገደኛም፣ የተኳረፉት ጎረቤትም እጁን ይሰጣል። አርሴማ ቲሸርቷን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አሳየቻት። «ነጭ ነው፣ እትዬ። ይቆሽሽብናል።» እናቷ ሜላትን ጠበቀች። ሜላት የወረቀቱን ሰሌዳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በመጨረሻ ወደ ዘንገና የሚሄድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ወረደና አሸከማት።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። ወደ ልጇ ሳትመለከት መንገዷን ቀጠለች።

ጥቂት ቆይቶ ባምላክ በሞተር ብስክሌት መጣ። ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። «ለጤና!» አለ፣ ቅንድቡን አንስቶ። «ልጅ የላቸውም፤ የሚራመዱትም ለጤናቸው ነው። እንግዲህ ለእኚህ ሴት መንገዱ ምንም አልጎደለበትም ማለት ነው።»

«ውሸት ነው» አለች ሜላት።

አርሴማ ዞር አለች። «የቱ?» አለ ባምላክ።

«ሁሉም።»

ባምላክ ወረቀቱን መለሰላት። «እንግዲያው ሩቅ አልሄዱም። ድረሺባቸውና እንደገና ጠይቂያቸው። እኔ ይህን ይዤ አልሄድም።»

ሜላት ወረቀቱን አልተቀበለችውም። ቁልቁል ሮጠች።

እናቷ ገበያው አፋፍ ላይ፣ ከነሸክሟ፣ የሚያወርድላት ሰው እየፈለገች ቆማለች። ሰው በግራና በቀኝ እየገፋት ያልፋል። ሜላት ከኋላዋ ደርሳ ጆንያውን በሁለት እጇ አቀፈችና መሬት አስቀመጠችው። የከሰሉ ብናኝ በደረቷ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ሸፈነው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች እናቷ ሳትዞር። ከዚያ ዞረች። አሁን ፊቷ አልበራም። መንገድ ላይ ያገኟትን ባዕድ ልጅ እንደሚጠይቁ፣ በአማርኛ ጠየቀቻት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

አርሴማ ወረቀቱን ይዛ እያለከለከች ደረሰች። «ሜሉ! አብደሻል እንዴ? ቲሸርትሽን እይው!»

ሜላት አፏ ላይ ቀድሞ የመጣው አገውኛው ነበር። አርሴማ አገውኛ አትሰማም። መልሳ ዋጠችው።

«ያንቺ» አለች በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።