ልዕልቲቱና የተዋሰቻቸው ድምፆች

ነጎድ በተሰረቀበት ዕለት በሐመልዛር ሰማይ ላይ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ታየ፤ መውረድ የጀመረው ዝናብ መሬት ሳይነካ ተመልሶ ወደ ደመናው ወጣ። ነጎድ ከጥንት ነገሥታት የተወረሰ፣ በክረምት መግቢያ ሲመታ ዝናብ የሚጠራ ከበሮ ነበር። ጠንቋዩ ዛግሙር ሰርቆ ወደ ቀይ አምባ ወሰደው። የአምባውን በር ደግሞ ከጌታው ድምፅ በቀር የማንንም ትእዛዝ የማይሰማ የድንጋይ አንበሳ ይጠብቀዋል።

የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን መጻሕፍቱን ገልጠው፣ «ከበሮውን የምትመልሰው የንጉሡ ልጅ ናት» አሉ። ንጉሥ ኤልዛድም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን፣ ልዕልት አዜማርን፣ ለጦር መምህሩ ለደርባዝ አስረከበ።

«በአንድ ዓመት ውስጥ ሰይፈኛ አድርጋት» አለው።

ደርባዝ አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ፈሪ ጀግና ያደረገ መምህር ነው። እንዲህ ያለች ተማሪ ግን ገጥማው አታውቅም። ሰይፉ ከእጇ ይወድቃል፤ ጋሻው ያደናቅፋታል። ይባስ ብሎ አፏ አያርፍም። የአባቷን ሳል፣ የጠቢባኑን ማዛጋት፣ የተቆጣች በቅሎ ጩኸት ስታስመስል ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ልምምዱም ይበተናል።

አንድ ቀን ጠዋት ደርባዝ ወደ ልምምዱ ሜዳ ሲገባ «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማ። ሠላሳ ወታደሮች ቀጥ አሉ። ድምፁ የእሱ ነበር፤ እሱ ግን አፉን አልከፈተም። አዜማር ከግንቡ ጀርባ ተደብቃ አፏን በመዳፏ አፍናለች።

ሊቆጣ ተጠጋና ባለበት ቆመ። ከድሮ የጦር ቁስሉ የተነሣ ከትእዛዙ በኋላ የምታመልጠው ቀጭን ትንፋሽ አለች፤ ከሚስቱ በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ልጅቷ ያቺን ትንፋሽ እንኳ አልረሳቻትም።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሰው ሲናገር ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይቀራል፤ ካላወጣሁት እረፍት አይሰጠኝም። ይቅርታ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።»

«እንዳትተዪው!» አለ ደርባዝ። ወዲያው ወደ ንጉሡ ገብቶ ተንበረከከ። «ንጉሥ ሆይ፣ እስከ ዛሬ በልቤ የሣልኳትን ወታደር እንጂ ልጅዎን አላስተማርኩም። ዛሬ ገና አየኋት። ሰይፉን ላስቀምጥላትና ያላትን ላሳድግ፤ ባይሳካ አንገቴ ዋስ ይሁን።»

ንጉሡ ተቆጣ፤ ተንጎራደደ። ከዚያ አዜማር ከበሩ ላይ ሆና የሟች እናቷን ድምፅ ተውሳ «ኤልዛዴ፣ እሺ በል እንጂ» ስትል ፊቱን ሸፈነ። ከዚያም ዕንባው ሳይደርቅ ሳቀና «እሺ» አለ።

ያን ዓመት መምህሩ ልጅቷን በገበያና በወደብ እየዞረ አስተማራት። ጀልባ ቀዛፊዋ ሙሊት፣ ድምጿ ወንዝ የሚሻገር ሴት፣ ቃልን ሩቅ መወርወር አሳየቻት። ደርባዝ ደግሞ የሚያውቀውን ሰጣት፤ ትንፋሽ መቆጠብን፣ በፍርሃት ፊት ጸንቶ መቆምን። ሳቅ መቆጣጠርን ለማስተማር ብቻ አራት ወር ፈጀበት።

ከዚያ ሙሊትን ጨምረው ሦስቱ የጨውን በረሃ አቋርጠው፣ በነፋስ በሚወዛወዘው የገመድ ድልድይ ተሻግረው ቀይ አምባ ሥር ደረሱ። አንበሳው እንደ ተራራ ተጋድሟል።

«የጠንቋዩን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም» አለች አዜማር። «ያልሰማሁትን መናገር አልችልም።»

«እኔ አናግረዋለሁ፤ አንቺ አዳምጪ» አለ ደርባዝ።

«ጋሼ፣ አንበሳው ይበላዎታል!»

«እስኪበላኝ ድረስ የሚበቃሽን ትሰሚያለሽ።»

ሙሊት ልጅቷን ይዛ ከቋጥኙ ጀርባ ተደበቀች። ደርባዝ በፀሐይ መሀል ብቻውን ወጥቶ ጮኸ፤ «አንተ የዝናብ ሌባ! ደርባዝ ነኝ፤ ና ውጣ!»

ዛግሙር ከግንቡ ላይ ብቅ አለ። ድምፁ ወፍጮ ላይ እንደሚፈጭ ጠጠር ነበር። «አንበሳዬ፣ ተነሥ! ያዘው!»

ድንጋዩ ተነሣ። የደርባዝ ሰይፍ መንጋጋው ላይ ተሰባበረ፤ ቀኝ እጁም ከነክንዱ በጥርሶቹ መሀል ገባ። በዚያች ቅጽበት ከቋጥኙ ጀርባ ያው የጠጠር ድምፅ አስተጋባ።

«አንበሳዬ፣ ልቀቀው!»

አንበሳው ለቀቀ። ዛግሙር በድንጋጤ የገዛ አፉን ነካ።

«አንበሳዬ፣ በሩን ክፈት! ከበሮውን አምጣ!» አለች አዜማር። ድምፅዋ ጸንቷል። ጠንቋዩ «አይሆንም! ተመለስ!» ብሎ ቢጮኽም አንበሳው ከሁለቱ ጌቶች ልበ ሙሉ የሆነውን መረጠ። ከበሮውን በጥርሱ ይዞ መጥቶ እግሯ ሥር አኖረ። ቀጥላም «በሩ ላይ ተኛ፤ እስከ ዘላለም አትነሣ!» ስትል ዛግሙርን ከነአምባው ዘግቶ ተኛ።

ሙሊት የደርባዝን ቁስል አሰረች። ቀኝ እጁ ግን አልዳነም። አዜማር በገዛ የልጅ ድምፅዋ ስታለቅስ፣ «ተይ ልጄ» አላት፤ «ያ እጅ የሚያውቀው ሰይፍ ብቻ ነበር። ይልቅ ከበሮውን ምቺው።»

መታችው። ዝናቡ ወረደ። ሦስቱም እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ጠጡ። ሐመልዛር ሲደርሱ ሕዝቡ በጭቃ ላይ እየጨፈረ ተቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ ደርባዝ የጦር ሜዳውን የልጆች ግቢ አደረገው። ልጁን ለሚያመጣ ሁሉ፣ «አንድ ወር ይጫወት፤ እኔ ልየው» ይላል። አንድ ቀን አንድ አባት ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ልጄ ሰይፍ የምትይዘው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀው። ትንሿ ልጅ ዝናቡ በሠራው ጅረት ዳር ተንበርክካ ጠጠር በጠጠር ላይ ትደረድራለች፤ ሲፈርስም ጥቂት ታየውና አደራደሯን ቀይራ ትጀምራለች።

«ቀስ በል ወንድሜ፣ እንዳትረብሻት» አለ ደርባዝ በሹክሹክታ፤ «ድልድይ እየሠራች ነው።»