የጎኑ ደረጃ

ዓሊያ ያንን ቲያትር ቤት ገና በመጀመሪያው ቀን ፈራችው። ጊዜው በፈረንጆች 2015 መጀመሪያ ላይ ነው። የኮንሰርት ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው እንድትመራ ተቀጥራ ስትመጣ፣ ሕንጻውን እንዲያሳያት የታዘዘው የመብራት ሠራተኛው ፊልጶስ ሆነ። አበሻ መሆኗን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እሷ ግን ዓይኗን ሰበረች።

ፊልጶስ የቤቱን ታሪክ ሲያወራ ስለ አንድ ሽማግሌ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ከዘጠና ዓመት በፊት ሲሠራ ሲኒማ ነበር አላት። ነጮቹ በፊት ለፊቱ ሰፊ በር ሲገቡ፣ ጥቁሮቹ በጎን ባለች ጠባብ በር ገብተው በጨለማ ደረጃ እስከ ላይኛው ሰገነት ይወጡ ነበር። ኋላ ሲኒማው ከሰረ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ እርግብ ሰፈረበት። ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው ሰዎች ገዙትና የኮንሰርት አዳራሽ አደረጉት። ወንበሩም መድረኩም ተለወጠ። ያ ደረጃ ግን እንዳለ ቀረ።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ ዓሊያ ጨለማውን አይታ ቆመች። ፊልጶስ የእጅ ባትሪውን አቀበላትና ቅደሚ አላት።

«አንተ ለምን አትቀድምም?»

«ብትወድቂ ማን ይይዝሻል?»

እስከ ላይ ድረስ እጁ አልነካትም። ቤቷ ከገባች በኋላ ያ ያልነካት እጅ እንቅልፍ ነሳት።

ፍቅራቸው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ተደብቆ አደገ። አባቷ አቶ ሸፊቅ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ሰፈር ካለው አውሮፕላን ማረፊያ በመኪናቸው መንገደኛ የሚያመላልሱ የወሎ ሰው ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ከሥራ የሚወስዷትም እሳቸው ስለነበሩ፣ መኪናቸውን ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አድርገው ባየቻቸው ቁጥር ከፊልጶስ ተለይታ ብቻዋን ትወጣለች። ልጅዎ ክርስቲያን ወዳለች ቢባሉ ምን እንደሚሉ አታውቅም። ደፍራ ጠይቃቸውም አታውቅም።

ፊልጶስ ሽማግሌ ልላክ ባለ ቁጥር ትንሽ ቆይ ትለዋለች። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እሳቸውን ፈርተሽ ነው ወይስ በእኔ አፍረሽ?» አላት።

ዞር ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይኑን ያዞር ጀመር።

መስከረም ሲጠባ አዳራሹ ውስጥ የአበሾች የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ። አቶ ሸፊቅ ወዳጃቸው ትኬት ሰጥቷቸው መጡና ላይኛው ሰገነት ተቀመጡ። ከታች የቆመችው ዓሊያ ዘፈኑ አልተሰማትም። ዓይኗ አንዴ ወደ አባቷ፣ አንዴ ከእሳቸው ጀርባ መብራት ወደሚያስተካክለው ፊልጶስ ይመላለስ ነበር።

ድንገት ከመድረኩ ኋላ ጭስ ተነሣ። አንዱ «እሳት!» ብሎ ጮኸ፤ መብራቱም ጠፋ። ሕዝቡ ወደ ፊት ለፊቱ በር ተግተለተለ፤ ከሰገነቱ የሚወርደው ዋናው ደረጃ በሰው ታፈነ። አባቷን ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዓሊያ ወጥታ በሕንጻው ዙሪያ ወደ ጎኑ በር ሮጠች።

በሩ ተከፍቷል። ሰዎች እያሳሉ፣ አንዱ ያንዱን ትከሻ ይዞ ይወርዳሉ። ግድግዳውን ታክካ አባቷን እየተጣራች ሽቅብ ወጣች። መታጠፊያው ላይ አንድ ብርሃን ዓይኗን ወጋት። ፊልጶስ ነው፤ አባቷን በጀርባው አዝሏል።

«ዓልዬ፣ ተመለሽ፤ ግድግዳውን እንዳትለቂ» አላት።

ከእሱ ሌላ ዓልዬ የሚላት ሰው አባቷ ብቻ ነበሩ።

ጭሱ የአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቃጠሎ ሆኖ ተገኘ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። አቶ ሸፊቅ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ውኃ ጠጡ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የዓለምብርሃን። ፊልጶስ እባላለሁ፣ አባባ።»

ሌላ አልጠየቁትም። እሱም እጅ ነሥቶ የቀሩትን ሊረዳ ተመለሰ። ያኔ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዓልዬ ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከርሟል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«ያን ደረጃ ስትወጪስ አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ፣ አባዬ። አንተን ግን የበለጠ እፈራለሁ።»

አቶ ሸፊቅ በጥፊ የተመቱ መሰሉ።

አባቷ መኪናውን ወደሚኖሩበት ወደ ታከር ነዱ። ዓሊያ ፊልጶስን እተወዋለሁ ልትል ብዙ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እምቢ አላት። ሰፈራቸው ሲደርሱ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለተሸከመኝ አመሰግነዋለሁ፤ ግን ተሸከመኝ ብዬ ልጄን አልሰጥም። እኔን ፈርተሽ መኖርሽ ነው ያቃጠለኝ።» ወደ ቤታቸው መንገድ ታጠፉ። «እሁድ ምሳ ይምጣ። ቁጭ ብሎ ሲያወራ ልየው።»

ዓሊያ ወደ አባቷ ዞረች። ይህን ካልኩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብላ እየፈራች፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«አባዬ፣ እሱ እኮ የእኛን ሥጋ አይበላም።»

አቶ ሸፊቅ መኪናውን በራቸው ላይ አቁመው መሪውን እንደያዙ አሰቡ።

«ዓሣ ይበላ የለ?» አሉ። «ቅዳሜ ዶራቪል ዓሣ ገበያ ሄደን እንገዛለታለን።»